ለአንድ ሰው ብዙ ቁጥር፦ ታጋሎጎች «ሲላ» ሲሉ እኛ «ይግቡ» እንላለን

የዴይራ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ዱባይ ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሠራው። አብረውኝ ያሉት ባብዛኛው ፊሊፒኖዎች ናቸው፤ እዚህ አገር ሁሉም «ካባያን» የሚላቸው። ቋንቋቸውን ታጋሎግን ቀስ እያልኩ እየለቀምኩ ነው። ሰላምታው፣ ቁጥሩ፣ «በላሽ ወይ?» ምናምኑ አያስቸግርም። አንድ ነገር ግን አልገባ አለኝ።

«ሲላ» ማለት «እነሱ» ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ግን ስልክ ሲያነሱ ለደወለው ለአንድ ሰው «ሲኖ ፖ ሲላ?» ይሉታል። ቃል በቃል «እነሱ ማን ናቸው?» መሆኑ ነው። አንድ ትልቅ ሴት ካውንተሩ ጋ ሲመጡም «አኖ ፖ አንግ ፓንጋላን ኒላ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «ስማቸው ማን ነው?» እንደማለት። ሴትዮዋ እዚያው ቆመው እየሰሙ! ባልደረቦቼን ስጠይቅ «አክብሮት ነው» ብለው ያልፉኛል። ታዲያ «ካዮ» የሚባለው ምን ሊሠራ ነው? እሱም አክብሮት ነው ተብያለሁ። የምታውቁ አስረዱኝ።

ሰዋስው ወዳጅ

ጥያቄዎ ደስ ይላል። ታጋሎግ አንድን ሰው ፊት ለፊት ለማነጋገር ሦስት ምርጫ አለው።

የመጀመሪያው «ኢካው» ነው። ዓረፍተ ነገር መሃል ሲገባ አጥሮ «ካ» ይሆናል። አንተንም አንቺንም የያዘ ነው፤ ጾታ አይለይም። ለጓደኛ፣ ለእኩያ፣ ለታናሽ ይባላል። ሁለተኛው «ካዮ» ነው። ትርጉሙ «እናንተ» ነው፤ ለእናት፣ ለአለቃ፣ በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው ግን ብቻውን ለቆመም ካዮ ነው የሚባለው። «ኩማይን ካ ና ባ?» ብለው ጓደኛዎን መብላቷን ይጠይቃሉ። ለእናቷ ሲሆን «ኩማይን ና ፖ ባ ካዮ?» ይሆናል። ሦስተኛው እርስዎን ያስገረመዎት «ሲላ» ነው።

የሁለቱም የአክብሮት ቃላት ዘዴ አንድ ነው። ጣትን ከሰውየው ላይ ማንሳት። «አንተ» ቀጥታ ይጠቁማል። «እናንተ» ሲባል ሰውየው ከነአጃቢው የታየ ይመስላል። «እነሱ» ሲባል ደግሞ ጭራሽ ከፊት ለፊት ዞር ይላል። ሲላ ሁለት ጊዜ ነው የሚርቀው፤ በቁጥርም በመደብም። ለዚህ ነው ከካዮ በላይ የሚከብደው።

በዚያው ልክ ቦታው የተወሰነ ነው። የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ለማይታወቅ ሰው ነው። በር ሲንኳኳ፣ ስልክ ሲነሳ፣ የጥበቃ ሠራተኛ እንግዳ ሲያስቆም፣ ታክሲ ነጂ «ሳአን ፖ አንግ ፑንታ ኒላ?» ብሎ መድረሻ ሲጠይቅ። ለገዛ እናት ካዮ ይበቃል።

«ፖ» ደግሞ ለብቻዋ ናት። ተውላጠ ስም አይደለችም። ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ አካባቢ ተለጥፋ ንግግሩን በሙሉ ታለሰልሰዋለች። «ሳላማት ፖ» አመሰግናለሁ፣ «ሂንዲ ፖ» አይደለም፣ «ኦፖ» አዎን። ትንሽ ቀለል ያለች እህት አለቻት፤ «ሆ»፣ «ኦሆ»።

ቀበናዊ

እኛ ቤት በር ላይ «እነሱ ማን ናቸው?» ከተባለ ውሻው ሊፈታ ነው ማለት ነው 😂

ሰዋስው ወዳጅ

@ቀበናዊ ሳቁን ሳቅ፤ ግን አንተም በየቀኑ እንደዚያው ነው የምትናገረው። ለአንድ ሽማግሌ በር ከፍተህ ምን ትላለህ? «ይግቡ» ነው። አሁን ደግሞ ውጭ ስለቆሙ ልጆች «እነሱም ይግቡ» በል። ግሡ ያው ነው። «እርስዎ መጡ»፣ «እሳቸው መጡ»፣ «እነሱ መጡ»። «እርስዎ ይመጣሉ»፣ «እነሱ ይመጣሉ»። ለፊት ለፊት ሰው አክብሮት ስንሰጥ ግሡን የምናረባው በሦስተኛ መደብ ብዙ ቁጥር ነው። ሳናስተውለው ሁላችንም ሲላ ባዮች ነን።

ልዩነቱ የት ላይ ነው ካላችሁ፣ የታጋሎግ ግሥ ለመደብ አይለወጥም። እኔም በላሁ፣ አንተም በላህ፣ እነሱም በሉ፣ ሁሉም «ኩማይን» ነው። ስለዚህ አክብሮቱን የሚሸከሙት ተውላጠ ስሙና ፖ ናቸው። የእኛ ግሥ ደግሞ ሁሉን ነገር ተሸክሞ ነው የሚመጣው። «እርስዎ» የሚለው ቃል አፋችን ላይ ሳይመጣ አንድ ሰዓት ሙሉ አንድን ሰው እርስዎ ስንለው መዋል እንችላለን።

ደግሞ እኛ እስከ መጨረሻው አንሄድም። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው «ስምዎ» እንላለን እንጂ «ስማቸው» አንልም። «አየሁዎት» እንጂ «አየኋቸው» አንልም። ግሡ ላይ እነሱ እናደርገውና ስሙ ላይ መልሰን እንይዘዋለን። ሌላ ቦታ ላለ ሰው ስናወራ ነው ሙሉ በሙሉ ብዙ የምናደርገው። «ቤታቸው» ሲባል የአንድ አዛውንት ቤት ይሁን የአሥር ሰው ቤት ከወሬው ካልሆነ አይታወቅም።

የዴይራ ልጅ

ኧረ ይህንን በዕድሜዬ አስቤው አላውቅም! «ይግቡ» እና «ይግቡ»። አንድ ነገር ግን፣ ሰዋስው ወዳጅ፣ እኔን እርስዎ አትበለኝ። ሽማግሌ አደረግኸኝ እኮ።

ሰዋስው ወዳጅ

ሴት ትሁኚ ወንድ ሳላውቅ ምን ልበል? ስምሽ «የዴይራ ልጅ» ነው። አማርኛ ላይ አንተ ወይ አንቺ ሳይሉ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ መከራ ነው። እርስዎ ጾታ የለውም፤ ኢንተርኔት ላይ ከመሳሳት ያድናል። (ይኸው «ትሁኚ» ብዬ ገመትኩ።)

የዴይራ ልጅ

ሴት ነኝ፤ ገምተህ አገኘኸው።

ሊና ከፍራንክፈርት

እዚህ ጀርመን ያለነው ለዚህ ነገር ባዳ አይደለንም። «ዚ» በጀርመንኛ «እነሱ» ነው፤ «እርስዎ»ም ነው። ግሡም ያው የብዙ ቁጥር ግሥ ነው፤ «ዚ ኮመን» ስትሉ «ይመጣሉ» ነው፣ እነሱም ይሁኑ እርስዎ። ጽሑፍ ላይ ለአክብሮቱ የመጀመሪያዋን ፊደል ትልቅ ያደርጓታል፤ ንግግር ላይ ምንም ልዩነት የለም። እዚህ አገር የመጣ ሐበሻ ከጀርመንኛ ሁሉ ቀድሞ የሚገባው ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም። እንግሊዝኛ የለመዱት የክፍል ጓደኞቼ ናቸው የሚደናበሩት።

ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ሦስተኛ መደብ ሁሌ ክብር ነው ብላችሁ እንዳትወስዱ። ጀርመኖች በ18ኛው ክፍለ ዘመን አሽከርን «ኤር» እያሉ ያዙት ነበር። «እሱ» ማለት ነው። «እሱ ፈረሱን ያምጣ» ዓይነት። ከፍ ያደረገው ብዙ ቁጥሩ ነው፤ መራቁ ብቻውን ወደታችም ይወስዳል።

ቀበናዊ

እኛም ጋ አለ እኮ። ተኳርፈው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው «ይሄ ሰውዬ ዛሬ አይበላም እንዴ?» የሚባባሉ ባልና ሚስት።

ሊና ከፍራንክፈርት

@ቀበናዊ 😂😂 ትክክል።

መቀሌ 77

ትግርኛም እንደዚሁ ነው። ለአንድ ትልቅ ሰው «ንስኹም»፣ ስለ እሳቸው ስናወራ «ንሶም»። ሁለቱም የብዙ ቁጥር ናቸው። ኦሮምኛም «ኢሲን» እና «ኢሳን» አለው፤ እናንተና እነሱ። ስለዚህ ከፊሊፒንስ ጋር ዝምድና ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ሰው ሰውን ማክበር ሲፈልግ ያበዛዋል፤ በቃ።

ሰዋስው ወዳጅ

@መቀሌ 77 ሁሉም ቋንቋ ግን አይደለም። ዮሃነስ ሄልምብረሽት የሚባል ጀርመናዊ ምሁር በ207 ቋንቋዎች ላይ ይህን ጉዳይ አይቶ ነበር። 136ቱ በሁለተኛ መደብ ተውላጠ ስማቸው ላይ የአክብሮት ልዩነት የላቸውም። አንተ የሚባል አንድ ቃል አለ፤ ንጉሥም ይሁን እረኛ ያው ነው። ስለዚህ እኛም፣ ጀርመንም፣ ታጋሎግም ጥቂቶቹ ወገን ውስጥ ነን። ከፊሊፒንስ ሳንወጣ እንኳ እንደዚህ ያሉ ቋንቋዎች አሉ።

ሪያድ ያለሁ

ይሄ የመጨረሻው ነገር የእኛን ቤት ይመለከታል። እኛ ጋ ሁለት ፊሊፒኖዎች አሉ። አንዷ የማኒላ፣ አንዷ የሴቡ ልጅ ነች። የማኒላዋ ሁልጊዜ «ባለጌ ነች፤ ትልቅ ሰው ካ ትላለች፤ ፖ አታውቅም» እያለች ታማታለች። የሴቡዋ ደግሞ «ማኒላዎች አፋቸው ፖ ፖ ይላል፤ ልባቸው ሌላ ነው» ትላለች። እኔ መሃል ላይ። የቱ ነው ልኩ?

ሰዋስው ወዳጅ

ሁለቱም ሥርዓት ያላቸው ናቸው፤ የተለያየ ሥርዓት ነው እንጂ። የሴቡ ሰዎች ቋንቋ ሴብዋኖ ነው። ታጋሎግን ይመስላል፣ ዘመዱ ነው፣ ግን ሌላ ቋንቋ ነው። «ካሞ» አላቸው፤ «እናንተ» ነው፤ ለብዙ ሰው እንጂ ለአንድ ሰው ክብር አይሰጥም። «ሲላ»ም አላቸው፤ «እነሱ» ከመሆን አያልፍም። ፖ ጭራሽ የለም። አያትም ቢሆኑ «ካ» ናቸው።

ታዲያ አክብሮቱ የት ነው? መጠሪያው ላይ ነው። ታላቅን «ማኖንግ»፣ «ማናንግ»፣ አጥሮ «ኖንግ»፣ «ናንግ» ሳይሉ አይጠሩም። አያትን «ሎሎ»፣ «ሎላ» ይላሉ። ልመና ሲሆን «ፓሊሁግ» ይጨምራሉ። የድምፁ ቅላጼም አለ። እኛ «ጋሼ» ብለን ከዚያ በኋላ «ና» ብንል እንዴት እንደሚሰማ አስቡት። ለአማርኛ ጆሮ ይቆረቁራል፤ ለእነሱ ግን ጋሼ ብቻውን ሥራውን ጨርሷል።

ይህ ሐሜት ደግሞ የፖለቲካም ጣዕም አለው። በ1937 ፕሬዝዳንት ማኑኤል ኬሶን ብሔራዊው ቋንቋ በታጋሎግ ላይ እንዲመሠረት ሲወስኑ ሴብዋኖ ተናጋሪው ቀላል ሕዝብ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሴቡ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ፖ እና ኦፖን እንደ ጨዋነት ትምህርት ተማረ። የአንድ ክልል ሰዋስው የአገር ሁሉ ምግባር መለኪያ ሲሆን ሰው መከፋቱ አይቀርም። እኔ ለሴቡዋ ነው የምፈርደው።

ሪያድ ያለሁ

አነብላታለሁ። ግን ለማኒላዋ አላነብም፤ እሷ ነች የምታበስለው።

መቀሌ 77

ሌሎቹስ ደሴቶች?

ሰዋስው ወዳጅ

ተደባልቋል። ሰሜን ሉዞን ላይ ኢሎካኖ አለ። እዚያ «ካዮ» እንደ ታጋሎግ ለአንድ ትልቅ ሰው ይሆናል። ለጓደኛ እንደምን አደርክ ሲሉ መጨረሻው «ቢጋትሞ» ነው፤ ለትልቅ ሰው «ቢጋትዮ»። የፖ ቦታ ላይ ደግሞ «አፖ» አላቸው፤ «ጌታዬ፣ እመቤቴ» እንደምንለው ነው። «ወን፣ አፖ» ሲሉ «አዎን ጌታዬ» ነው። ካፓምፓንጋን «ፑ» ይላል። ቢኮል ውስጥ «ታቢ» የምትባል ሌላ የማለስለሻ ቃል አለች። ማለትም ከማኒላ ትንሽ ወጣ ሲሉ አክብሮት አለ፤ መሣሪያው ነው የሚለያየው።

የታሪክ ነገር

ሰላም። ጣልቃ ልግባ። ይህ ነገር ከስፔን የመጣ አይመስላችሁም? ስፔኖች ከ1565 እስከ 1898 ፊሊፒንስን ገዝተዋል። «ኡስቴድ» የሚለው አክብሮታቸውም ሦስተኛ መደብ ነው የሚወስደው፤ መነሻው «የእርስዎ ጸጋ» የሚል ማዕረግ ስለነበረ። 333 ዓመት ቀላል ነው እንዴ? ማንኪያና ሹካ ሳይቀር ስማቸው ስፓኒሽ ነው።

ሰዋስው ወዳጅ

ጥርጣሬህ ጥሩ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ይከብደኛል። አንደኛ፣ ኡስቴድ የሚወስደው የነጠላ ግሥ ነው። «እሱ ይመጣል» ዓይነት ነው እንጂ «እነሱ ይመጣሉ» አይደለም። ታጋሎግ ቢቀዳው «ሲያ» ነበር የሚለው፤ እሱ ወይም እሷ። ያበዛበት ምክንያት ከስፓኒሽ አይገኝም።

ሁለተኛውን እኔ እወደዋለሁ። የኢንዶኔዥያዋ ደሴት ጃቫ ላይ «ሲራ» የሚባል የታጋሎግ ሲላ ወንድም ቃል አለ። ሁለቱም ከአንድ ጥንታዊ የኦስትሮኔዥያ (የእነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ ቤተሰብ) ቃል ነው የወረዱት፤ መሃል ላይ የነበረው «ዳ» አንዱ ጋ «ላ»፣ አንዱ ጋ «ራ» ሆነ። ኢሎካኖ ጋ «ኢሱዳ» ብሎ እንደነበረው ቀርቷል። በጥንታዊ ጃቫንኛ ሲራ ለተከበረ ሦስተኛ ሰው የሚባል ነበር፤ አንድም ይሁን ብዙ። የእኛን «እሳቸው» በሉት። የጥንታዊ ጃቫንኛ ጽሑፎች ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያሉ ናቸው። ስፔን የሚባል ሰው በዚያ ባሕር ላይ አልነበረም። ስለዚህ «እነሱ» የሚለውን ቃል ለክብር ማዋል በዚያ አካባቢ የቆየ ልማድ ነው ብል ይቀለኛል። ስፔኖች ማዕረግና ደረጃ አጥብቀው ይሆናል፤ ጭራሽ ፈጠሩት ለማለት ግን አልደፍርም።

የሲራ መጨረሻ ደግሞ ያሳዝናል። ከጊዜ በኋላ ወደ «አንተ» ወረደ። ዛሬ ጃቫ ውስጥ ቺሬቦን በሚባል ከተማ አካባቢ ተራ አንተ ነው።

ሊና ከፍራንክፈርት

ይህ መውረድ የትም አለ አይደል? ክብሩ ሲደጋገም ይነጫል።

ሰዋስው ወዳጅ

አለ። ኢንዶኔዥያ ሂጂ። «ካሙ» የሚለው ቃል ከሴብዋኖው ካሞ ጋር አንድ ነው፤ ጥንት «እናንተ» ነበር። ለአንድ ሰው በአክብሮት መባል ጀመረ፤ ሁሉም ለሁሉም ሲለው ክብሩ አለቀና ዛሬ ለጓደኛና ለልጅ ብቻ የሚባል አንተ ሆኗል። ለትልቅ ሰው ካሙ ብትይ ነውር ነው። እናንተ የሚል ቃል ስላጡ «ካሊያን» የሚል አዲስ አበጁ፤ «ካሙ ሁላችሁ» እንደማለት ነው። በ1950ዎቹ ደግሞ «አንዳ» የሚል ለሁሉም የሚሆን ጨዋ ቃል በጋዜጣ ቀርቦ ተለምዷል። ማስታወቂያና ፎርም ላይ ሞልቷል። ፊት ለፊት ግን ኢንዶኔዥያዊ አሁንም ተውላጠ ስሙን ዘሎ «ባፓክ» ወይም «ኢቡ» ይላል፤ አባትና እናት ማለት ነው። «አባት መቼ መጡ?» ብሎ ራሱን አባትየውን ይጠይቃል።

መቀሌ 77

እሺ አንድ ጥያቄ። ፊሊፒኖዎች አብዛኞቹ ካቶሊክ ናቸው። እግዚአብሔርን ምን ይሉታል? ካዮ ወይስ ሲላ?

ሰዋስው ወዳጅ

«ካ»። በአባታችን ሆይ ላይ «ሱማሳላንጊት ካ» ይላሉ፤ በሰማያት የምትኖር። «ሳምባሂን አንግ ንጋላን ሞ»፤ ስምህ ይቀደስ። «ሞ» የነጠላው «ያንተ» ነው። ማርያምንም «ካ» ነው የሚሏት። እኛስ? «ስምህ ይቀደስ»፣ «ደስ ይበልሽ»። የቀበሌውን ሊቀመንበር እርስዎ እያልን እግዚአብሔርን አንተ።

የታሪክ ነገር

እሱማ አንድ ስለሆነ ነው። አምላክን ማብዛት ያስፈራል።

ሰዋስው ወዳጅ

 እኔ እንደሚመስለኝ ከቅርበት ነው። እርስዎ ሰውን በክብር ያርቃል፤ የሚጸልይ ሰው መራቅ አይፈልግም። በግዕዝም «አንተ» ነው ያለው፤ ትርጉሙም ያንኑ ይዞ መጣ። መከራከር ይቻላል።

የዴይራ ልጅ

ወደኔ መልሱት እስቲ 😄 እኔ ነገ ሥራ ገብቼ ምን ልበል? አንዲት በዕድሜ የምትበልጠኝ ፊሊፒና አለች፣ ሱፐርቫይዘሬ ነች። ወጣቶቹ ደግሞ «ካ ፖ» እያሉ ሁለቱን ሲያደባልቁ እሰማለሁ።

ሰዋስው ወዳጅ

ለሱፐርቫይዘርሽ «ካዮ» ከነፖዋ። ከፈለግሽ ስሟ ላይ «አቴ» ጨምሪ፤ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ለወንድ «ኩያ»። ሁለቱም ከሆክየን ቻይንኛ የገቡ ናቸው፤ ዛሬ ግን ከእነሱ በላይ ፊሊፒኖ የሆነ ቃል የለም። ለእንግዳና ስልክ ላይ ሲላን ሞክሪው፤ አያስቀይምም። ለእኩዮችሽ ፖ ብትይ ግን የተቆጣሽ ወይም የምታሾፊ ሊመስላቸው ይችላል።

«ካ ፖ» ወጣቶችና ኦንላይን ነጋዴዎች ያመጡት ነው። ትልልቆቹ አይወዱትም። «አንተ» ብሎ ጀምሮ «ጌታዬ» ብሎ መጨረስ ይሆንባቸዋል። የነጋዴዎቹ ሐሳብ ግን ይገባኛል። ደንበኛዋ የሃያ ዓመት ልጅ ብትሆን ካዮ ማለት ያስረጃታል፤ ባዶ ካ ደግሞ ይደፍራል። አንቺም እዚህ መድረክ ላይ «ሽማግሌ አደረግኸኝ» ያልሽው ለዚሁ ነው።

ሌላ ደግሞ ጆሮሽን ጣይበት። ሱቅ ወይም ምግብ ቤት «አኖ ፖ አንግ አቲን?» ይላሉ። «የእኛ ምንድን ነው?» ማለት ነው፤ ምን ልታዘዝ ለማለት። ታጋሎግ ሁለት «እኛ» አለው። «ካሚ» አንቺን ሳይጨምር፣ «ታዮ» አንቺንም ጨምሮ። «አቲን» እና «ናቲን» የታዮ ናቸው። የክሊኒክ ሠራተኛ በሽተኛውን «አኖ ፖ አንግ ፓንጋላን ናቲን?» ትለዋለች፤ «ስማችን ማን ነው?»። እዚህ ላይ ማራቅ ቀርቶ አጠገብ መቀመጥ ነው ጨዋነቱ።

ቀበናዊ

«ስማችን ማን ነው?» ይሄን ወደድኩት። የእኛ ነርሶችም «መድኃኒታችንን ዋጥን?» ይላሉ።

የዴይራ ልጅ

አንድ ቀረችኝ። «ሲላ ማሪያ» የሚል ሰምቻለሁ። «እነሱ ማሪያ»? ይሄም አክብሮት ነው?

ሰዋስው ወዳጅ

አይደለም። እሱ የእኛ «እነ» ነው። «እነ ማሪያ»፤ ማሪያና አብረዋት ያሉት። በደንቡ «ሲና ማሪያ» ነው የሚባለው። ሰው አፍ ላይ ከሲላ ጋር ተምታቶ «ሲላ ማሪያ» ይሆናል፤ ጽሑፍ የሚያርሙ ሰዎች ፌስቡክ ላይ በዚህ ሲጣሉ ነው የሚውሉት። መምታታቱ ግን አይገርምም፤ የእኛም «እነሱ» ራሱ «እነ» እና «እሱ» ተጋጥመው ነው። «እናንተ»ም «እነ አንተ» ነው።

ሪያድ ያለሁ

ለሴቡዋ አነበብኩላት። ሳቀችና «የዛምቦዋንጋ ሰዎችን ጠይቂ፤ እነሱ ሁሉንም አላቸው» አለች። ምን ማለቷ ነው?

ሰዋስው ወዳጅ

ልክ ነች። ዛምቦዋንጋ ደቡብ ፊሊፒንስ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ ቻቫካኖ ይናገራሉ። ከስፓኒሽ የተወለደ የድብልቅ ቋንቋ ነው። ለአንድ ሰው ሦስት ደረጃ አላቸው፤ «ቮስ»፣ «ቱ»፣ «ኡስቴድ»፣ ሦስቱም ከስፓኒሽ። ብዙ ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ ግን ወደ ቪሳያ ቋንቋዎች (እነ ሴብዋኖ) ዞረው «ካሜ»፣ «ኪታ»፣ «ካሞ»፣ «ሲላ» ይላሉ። ነጠላው የስፔን፣ ብዙው የአገር ቤት። ለአንድ ሰው ክብር ሲሰጡ ኡስቴድን ይጠቀማሉ፤ ሲላ እዚያ «እነሱ» ብቻ ነው። @የታሪክ ነገር፣ ስፔን በጥልቀት የገባበት ቋንቋ ውስጥ ሲላ ለአክብሮት አልዋለም። ይሄን ጨምረህ አስብበት።

የታሪክ ነገር

አሁን አሳመንከኝ ለማለት ተቃረብኩ። ስለ ቻቫካኖ ሌላ ክር ልክፈት፤ ስንት ጥያቄ አለኝ መሰለህ።